ሕግ ያቆየው ቀዘፋ

ፍጥነት ብቻ ቢፈለግ ኖሮ የደረት ቀዘፋ ከውድድር ገንዳ ከወጣ ዘመን ባለፈው ነበር። ከአራቱ የዋና ስልቶች ዘገምተኛው እሱ ነው። ቻይናዊው ፓን ዣንሌ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ 100 ሜትሩን በነፃ ቀዘፋ በ46.40 ሰከንድ ጨርሶ ክብረ ወሰን ሰበረ። እንግሊዛዊው አዳም ፒቲ በ2019 ጓንግጁ ላይ ያንኑ ርቀት በደረት ቀዘፋ በ56.88 ሲዋኝ ዓለም ጉድ አለ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሁለቱም በየስልታቸው ማንም ያልደረሰበት ደርሰዋል፤ በመካከላቸው ግን ከአሥር ሰከንድ በላይ አለ። ያ በመቶ ሜትር ውድድር ውስጥ ዘመን ነው።

እንግዲህ ዕድሜው ከአርባ የዘለለ ሰው፣ ያውም ባሕር በሌላት አገር፣ ያውም መዋኛ ገንዳ እምብዛም በማይገኝበት በምዕራብ አዲስ አበባ እየኖረ፣ ይህን ዘገምተኛ ቀዘፋ ጥቂት ለማፍጠን ዓመታት ቢያፈስስ ምን ማለቱ ነው? አየር ጤና ታክሲ ስጠብቅ እርጥብ ፎጣዬን ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚለኝ «ለጤና ነው አይደል?» ነው። «ለውድድር ነው» ስለው ዓይኑ ከፀጉሬ ሽበት እስከ ጫማዬ ወርዶ ይመለሳል። አልፈርድበትም። ጥያቄው ግን በፈገግታ የሚታለፍ አይደለም። መልሱን ብዙዎች የሚፈልጉት ከዋናተኛው ጠባይ ውስጥ ነው፤ ጽናቱ፣ እልሁ፣ ወጣትነት ያመለጠው መሆኑ ይነሣል። እኔ ከቀዘፋው ከራሱ ብንጀምር የሚሻል ይመስለኛል። የደረት ቀዘፋ እንዴት ዛሬ እንደ ደረሰ ያየ ሰው ለጎልማሳ ለምን እንደሚስማማ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

ማቲው ዌብ በ1875 ከዶቨር ተነሥቶ በዋና ፈረንሳይ ዳርቻ ሲደርስ 21 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ፈጅቶበታል፤ የዋኘውም በደረት ቀዘፋ ነው። ኋላ እጅን ከውሃ በላይ እያፈራረቁ መወርወር ሲለመድ፣ ነፃ ቀዘፋ ሁሉንም ጥሎ ሄደ። የደረት ቀዘፋ በራሱ መደብ ብቻውን ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪኩ በዋናተኞችና በሕግ አውጪዎች መካከል የተደረገ ድብብቆሽ ነው። በ1930ዎቹ አንዳንዶች ሕጉን ደግመው አነበቡትና እጅን በአየር ላይ መመለስ እንዳልተከለከለ አስተዋሉ። ፈጠኑ። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ለፍጻሜ ከደረሱት ብዙዎቹ እንዲህ የሚዋኙ ሆኑ፤ ነባሩ ቀዘፋ ሊጠፋ ትንሽ ቀረው። የዓለሙ ፌዴሬሽን ሁለቱን ለያያቸው፤ አዲሱ የቢራቢሮ ቀዘፋ ተብሎ በ1956 ሜልቦርን ላይ የራሱ ውድድር ተሰጠው።

በዚያው በሜልቦርን ጃፓናዊው ማሳሩ ፉሩካዋ ሌላ ቀዳዳ አገኘ። ከውሃው ገጽ በታች ማዕበል የለም፤ ሰውነት እዚያ በቀላሉ ይሄዳል። የ200 ሜትሩን አብዛኛውን ክፍል ተሰውሮ ዋኝቶ ወርቁን ወሰደ። ያም ተዘጋ፤ ራስ ከውሃ በላይ ይታይ ተባለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ነገሩ ላላ፤ በእያንዳንዱ ዙር ራስ አንድ ጊዜ ብቅ ካለ በቀረው ቢጠልቅ ግድ የለም ተባለ። በ2004 አቴንስ ላይ ኮሱኬ ኪታጂማ በውሃ ውስጥ እግሩን እንደ ዶልፊን ገርፏል የሚል ውዝግብ ተነሣ። በዓመቱ ሕጉ ተሻሻለና ከመነሻውና ከየመታጠፊያው በኋላ አንድ የዶልፊን ምት ተፈቀደ። አንድ ሲፈቀድ ሁለትና ሦስት ተከተለ፤ በ2012 ለንደን ላይ 100 ሜትሩን በ58.46 በክብረ ወሰን ያሸነፈው ደቡብ አፍሪካዊው ካሜሮን ቫን ደር በርግ ከአንድ በላይ መምታቱን ከውድድሩ በኋላ ራሱ ተናግሯል። ሁሉም የሚያደርገውን እኔ ብተው ተሸናፊው እኔ ነኝ ነበር መከራከሪያው።

ከዚህ ሁሉ የማነበው አንድ ነገር ነው። ፈጣኑ መንገድ በተገኘ ቁጥር የተዘጋው ወይም የተገደበው መጥፎ ሆኖ አይደለም። እንዲያውም ግሩም ነበር፤ ከአንዱ አንድ ሙሉ የዋና ስልት ተወልዷል። የተዘጋው ቀዘፋው ራሱን እንዳያጣ ነው። በሩጫው ዓለም የእርምጃ ውድድር ዘመዱ ነው፤ እዚያም መሮጥ እንደሚያፈጥን የማያውቅ ተወዳዳሪ የለም፣ የሮጠ ግን ይሰረዛል። እንዲህ ባለ ስፖርት ውስጥ መሻሻል ማለት ምን እንደሆነ ስናስብ ከመቶ ሜትር ሩጫ የተለየ መልስ ይወጣል። ሯጩን የሚያግደው ሰውነቱ ብቻ ነው። የደረት ቀዘፋ ዋናተኛ ከሰውነቱ ሌላ ሰዎች ተስማምተው ያስቀመጡት ገደብ አለበት፤ ችሎታው የሚለካው ገደቡን ሳይነካ እስከ ጠርዙ ድረስ በመሄድ ነው። ማንም ሳያስገድደው፣ አስቀድሞ ፈጣኑን መንገድ እያወቀ፣ ዘገምተኛውን አሳምሮ ሊሠራ የገባ ሰው ነው።

ጎልማሳው ደግሞ የራሱን ገደብ ጭኖ ይመጣል። የእኛ የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ውሃ ከመንካቱ በፊት ከዓለም ባንክ ወይም ከቤቴል ሰፈር እስከ ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ፣ ከዚያ ባቡር፣ ከዚያ የእግር መንገድ ይጠብቀዋል፤ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች የሚበዙት መሀል ከተማና ቦሌ ነውና። የቢሮ መግቢያ ሰዓት አይገፋም። ልጅ ትምህርት ቤት የሚደርስበት ሰዓትም አይገፋም። የሚገፋው እንቅልፍ ብቻ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ዋናተኛ በአንድ ቀን የሚዋኘውን እኛ በሳምንት ከሞላነው ሳምንቱ ሰምሯል። ስለዚህ «ብዙ ዋኝ፣ ትፈጥናለህ» የሚለው የወጣቶች ምክር እኛ ዘንድ ሲደርስ ዋጋ ያጣል። ብዛቱ የለም። የቀረው ካለው ርቀት ውስጥ የሚባክነውን መፈለግ ነው።

በአካሉ አዲስ ነገር ሊማር ኮልፌ የመጣ ጎልማሳ ከእኛ በፊትም ነበር። ኔልሰን ማንዴላ በ1962፣ 44 ዓመት ሊሞላቸው ሲቃረቡ፣ እዚሁ ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር የጦር ትምህርት ተምረዋል። ጠበቃ ነበሩ፤ ቦክስ ይጫወቱ ነበር እንጂ ወታደር አልነበሩም። ተኩስ፣ ፈንጂ፣ ሸክም ተሸክሞ ረጅም ጉዞ ተማሩ። በ1994 በታተመው ግለ ታሪካቸው እንደሚተርኩት ለስድስት ወር የታሰበው ትምህርት በስምንት ሳምንት ተቋረጠ፤ ትግሉ ጠራቸው። እሳቸው ለምን እንደ ተማሩና እኔ ለምን እንደምዋኝ በአንድ ሚዛን አላስቀምጥም፤ ድፍረት ይሆናል። የምወስደው የጊዜውን ነገር ብቻ ነው። ጎልማሳ ሲማር ጊዜው ከትምህርቱ ሁልጊዜ ያንሳል፤ በመሆኑም ምን ልማር ከማለቱ በፊት ምኑ ይቅርብኝ ማለት ይኖርበታል።

በደረት ቀዘፋ ውስጥ ደግሞ የሚቀረው ነገር ብዙ ነው። ውሃ ከአየር ይልቅ 800 ጊዜ ገደማ የጠጠረ ነው። ፍጥነቴን እጥፍ ላድርግ ያለ ሰው የሚገጥመው ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል። በነፃ ቀዘፋ አንዱ እጅ ሲመለስ ሌላው ይስባል፤ እንቅስቃሴው እምብዛም አይቆረጥም። የደረት ቀዘፋ ዋናተኛ ግን በእያንዳንዱ ዙር ራሱን በራሱ ያቆማል። እግሩን ለምት ሲያዘጋጅ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ጭኑ ከፊት የሚመጣውን ውሃ ይጋፋል፣ ሰውነቱ ቀጥ ሊል ምንም አይቀረውም። ከዚያ ይመታል፣ ይወነጨፋል፣ ደግሞ ራሱን ያቆማል። የሌላው ስልት ዋናተኛ ፍጥነቱን ጠብቆ ሊሄድ ይሞክራል፤ ይኸኛው ፍጥነቱን በየጊዜው አጥቶ በየጊዜው ይገዛዋል። የመሻሻል ቁልፉ ያለው በሁለቱ መካከል ነው፤ ሲያጣ ጥቂት ማጣት፣ የገዛውን ደግሞ ቶሎ አለማባከን።

ብዙ ጎልማሶች ግን ከጉልበት ይጀምራሉ። ሰዓቱ አልወርድ ሲል እጃቸውን ያፈጥናሉ። እጅ ሲፈጥን እግር አብሮ ይፈጥናል፤ በአንድ ርዝመት ውስጥ የሚታጠፈው ጉልበት ይበዛል፤ ፍሬኑ ይበዛል ማለት ነው። ደክመው ይወጣሉ፣ ሰዓታቸውም እንደ ነበረ ነው። የምዋኝበት ገንዳ አሰልጣኝ ከልጄ በጥቂት ዓመት ቢበልጥ ነው። አብሮኝ የሚዋኝ፣ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ አንድ ወዳጄን እንዲህ አለው፦

«ጋሼ፣ እግርዎ ደኅና ነው። የሚጎዳዎት መቸኮሉ ነው።»

«ውድድር አይደለም እንዴ ልጄ? ካልቸኮልኩ ምን ላድርግ?»

«ከመቱ በኋላ ዝም ይበሉ። በልብዎ አንድ ይበሉና ከዚያ እጅዎን ይክፈቱ።»

የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ሽማግሌን ዝም ይበሉ የሚልበት ቦታ በአገራችን ጥቂት ነው፤ ሽማግሌው ደግሞ «እሺ» ብሎ የሚሰማበት ከዚያም ያነሰ ነው። ወዳጄ እሺ አለ። ያቺ የአንድ ቁጥር ዝምታ፣ ሰውነት ከጣት እስከ ጣት ተዘርግቶ የሚንሸራተትባት ቅጽበት፣ ከምቱ የተገኘው ፍጥነት የሚበላባት ጊዜ ናት። ማሳጠሯ ጉዳት ነው። ማስረዘሟም እንዲሁ፤ ፍጥነቱ ከሞተ በኋላ ተዘርግቶ መቆየት ሌላ ስንፍና ነው። ለ200 ሜትር ረዘም ትላለች፣ ለ50 ሜትር ልትጠፋ ምንም አይቀራት። ልኳን ከውጭ ማንም ሊነግር አይችልም። ፍጥነቱ ሊሞት ሲል ጆሮ አጠገብ ያለው የውሃ ድምፅ ይለወጣል ይላሉ ልምድ ያላቸው፤ እኔ በደረት ቆዳዬ ነው የማውቀው።

እግሩ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ከሌሎቹ ስልቶች በተለየ እዚህ ከእጅ ይልቅ ብዙ የሚገፋው እግር ነው። ተረከዝ ወደ መቀመጫ ይመጣል፤ ጉልበት ከትከሻ ስፋት አይወጣም፤ በመጨረሻዋ ቅጽበት የእግር ጣቶች ወደ ውጭ ይዞሩና ውስጠኛው የእግር ገጽ ውሃውን ይይዛል። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ቀጥሎ ወደ ውስጥ፣ ሁለቱ እግሮች እስኪገናኙ ድረስ ይገፋል። ድሮ እግር በጣም ይከፈት ነበር፤ ከጭን መሀል የሚጨመቀው ውሃ ሰውነትን ወደ ፊት ይልከዋል ተብሎ ይታመን ስለነበር ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው አሰልጣኝ ጄምስ ካውንስልማን ከዋናተኛው ከቼት ጃስትረምስኪ ጋር ጠባቡንና ፈጣኑን ምት ይዘው መጡ፤ ጃስትረምስኪም 200 ሜትሩን ከሁለት ደቂቃ ከሠላሳ ሰከንድ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ጉልበትን ማጥበብ ማለት ፍሬኑን ማጥበብ ነበር።

ችግሩ የጎልማሳ ቁርጭምጭሚት እንደ ልጅ አለመዞሩ ነው። ዳሌም እንዲሁ። እግሩ አልዞር ያለው ሰው ጉልበቱን እያጣመመ ሊተካው ይሞክራል፤ ከጉልበት ውስጠኛ ጎን ያለው ጅማት ያን አይወድም፤ የደረት ቀዛፊዎች ሕመም የሚታወቀውም እዚያ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ ቁርጭምጭሚትን ቀስ በቀስ ማለማመድ ይረዳል፤ ግን ልክ አለው። የመጽሐፉን ምት መምታት የማይችል ሰው የራሱን ምት ይፈልጋል። ትንሽ ሰፋ ያለ፣ ትንሽ አጠር ያለ፣ ሕመም የሌለበት። እዚህ ላይ ብዙ መካሪዎች «ፍጹሙን» ምት የሚያስተምሩ ፊልሞች አሳይተው ይሄዳሉ። ፊልሙ ላይ ያለው የሃያ ዓመት ዳሌ ነው። የጎልማሳ ሥራ ያንን መምሰል ሳይሆን የራሱን አጥንት ጠርዝ አውቆ እዚያው ድረስ መሄድ ነው። አጥንቱም እንደ ፌዴሬሽኑ ሁሉ ሕግ አውጪ ነው፤ ልዩነቱ ይግባኝ አይቀበልም።

የራስ ነገር ደግሞ ከፍርሃት ጋር የተያያዘ ነው። ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ ዋና የለመደ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚዋኘው፤ የሚሄድበትን ማየት አለበት። ገንዳ ውስጥ ግን ራስ ቀና ሲል ዳሌ ይሰምጣል፣ ዳሌ ሲሰምጥ ሰውነት ሁሉ ግድግዳ ሆኖ ውሃውን ይገፋል። አገጭን ሳያነሡ፣ ዓይንን ወደ ታች አድርጎ፣ ትከሻ ሲነሣ አብሮ በሚመጣው ትንፋሽ መርካት ያስፈልጋል። መናገሩ ቀላል ነው። እኛ ያደግነው «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እየተባልን ነው፤ ተረቱም ያለ ምክንያት አልመጣም። ክረምት በገባ ቁጥር የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ድንጋይ ከወጣባቸው ጉድጓዶችና ከወንዞች ውስጥ ስለሚወጡ ሕፃናት መናገሩ አልቀረም። የኮልፌ እናት ልጇን ከውሃ ብታርቅ ፍቅር ነው። ያ ልጅ በአርባ ዓመቱ ገንዳ ሲገባ ቀና የሚለው አንገቱ የእናቱን ቃል የሚጠብቅ አንገት ነው። አሰልጣኞች ይህን «የቴክኒክ ስሕተት» ይሉታል። ስሕተት መሆኑ እውነት ነው፤ የሚታረመው ግን በትእዛዝ አይደለም። ፊትን አስጠልቆ፣ በአፍንጫ ቀስ ብሎ አየር እየለቀቁ፣ ምንም ሳይሠሩ መንሳፈፍን ከሕፃናት ጋር አብሮ መለማመድ ይጠይቃል፤ ለውድድር የሚዘጋጅ ሰው ደግሞ ወደዚያ መመለስ ያሳፍረዋል።

ትንፋሽን ካነሣሁ ከፍታውን ማለፍ አልችልም። የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በስፔን ግራናዳ አቅራቢያ በሴራ ኔቫዳ ተራራ 2,320 ሜትር ላይ የስፖርት ማሠልጠኛ አለ፤ የአውሮፓ ዋናተኞች ገንዘብ ከፍለው የሚወጡበት። እነሱ ለሦስት ሳምንት የሚከራዩትን አየር እኛ በነፃ እንተነፍሳለን፤ የሚጎድለን ውሃው ነው። ውሃው ከፍታ አይገባውም፣ ተቃውሞው ባሕር ዳርም ሆነ ሞምባሳ ያው ነው፤ ሳንባ ግን ይገባዋል። ይህ ከሁሉ የሚታወቀው ከግድግዳ ከተገፉ በኋላ ባለው የውሃ ውስጥ ጉዞ ነው፤ አሰልጣኞች ፑል አውት የሚሉት። ተዘርግቶ መንሸራተት፣ ሁለት እጅን እስከ ጭን አንድ ጊዜ መሳብ፣ የተፈቀደችውን አንድ የዶልፊን ምት፣ እጅን መመለስ፣ አንድ የደረት ምት፣ ከዚያ ብቅ ማለት። በዚህ ሁሉ መካከል ትንፋሽ የለም። ቆላ ላይ የሚዋኝ ሰው እዚያ ውስጥ ይዝናናል፤ እኛ ደግሞ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ አየር አየር እንላለን፣ ቸኩለን እንወጣለን፣ ከሁሉ ርካሹን ፍጥነት ጥለን።

ሆኖም ደጋ ለሯጭ ብቻ አልተሰጠም። በ1968 የሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ፣ በ2,240 ሜትር ከፍታ፣ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ያሸነፈው ኦክቶበር 20 ቀን ነው። ከሁለት ቀን በኋላ የ17 ዓመቱ ፌሊፔ ሙኞዝ በ200 ሜትር የደረት ቀዘፋ የሶቪየቱን ቭላዲሚር ኮሲንስኪን ከኋላ መጥቶ ቀደመና ለሜክሲኮ የመጀመሪያውን የዋና ወርቅ አመጣ። ዜናው ወደ እኛ ሲመጣ የሰማነው ግማሹን ብቻ ነው፤ የማሞን። የደጋ ልጅ ደጋ ላይ ካሸነፈባቸው ከእነዚያ ሁለት ቀናት ሁለተኛውን ለራሳችን ታሪክ ጎረቤት አድርገን አላስቀመጥነውም። በእርግጥ ሙኞዝ ገንዳ ነበረው።

ገንዳ ስል መለኪያ ማለቴም ነው። ውድድር የሚካሄደው 50 ወይም 25 ሜትር ተለክቶ በተሠራ ገንዳ ነው። የከተማችን ሆቴሎች ገንዳ ግን ለእረፍት የተሠራ ነው። የሂልተኑ የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ መስቀል ቅርጽ ተከትሎ የታነጸ ነው፤ ለዓይን ግሩም፣ ለሰዓት መያዣ የማይሆን። እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ የተያዘ ሰዓት ከማንም ሰዓት ጋር አይነጻጸርም። እኛ ያገኘነው መላ ቀዘፋ መቁጠር ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በስንት ቀዘፋ ደረስኩ፣ ምን ያህልስ ሰከንድ ፈጀ፤ ሁለቱ ይደመራሉ። ሰከንዱ ሳይጨምር ቀዘፋው ከቀነሰ አንድ ነገር ተሻሽሏል። ሰከንዱ ቀንሶ ቀዘፋው ከናረ ጉልበት ተከፍሎበታል። ይህ ቁጥር ለማንም የሚነገር አይደለም፤ ገንዳው ሲቀየር ትርጉሙም አብሮ ይቀራል። እንዲያም ሆኖ ከማውቃቸው የስፖርት ቁጥሮች ሁሉ ለመዋሸት የማይመቸው እሱ ነው።

ደረጃና ሰዓት አንድ ነገር እንዳልሆኑ አገራችን በመራራ መንገድ አይታዋለች። ሮቤል ኪሮስ በ2016 ሪዮ ላይ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ 1:04.95 ገብቶ ከ59 ተወዳዳሪዎች የመጨረሻው ሲሆን፣ ዓለም በሰውነቱ ቅርጽ ሲሳለቅ ሰነበተ። እኛም አብረን ሳቅን። ስለ አመራረጡ መከራከር ተገቢ ነበር፤ በሆዱ መሳቅ ግን ክርክር አይደለም። ሰውየው በአገሩ ሁሉም ሰው እንደሚሮጥ፣ እሱ ሌላ ነገር ሊሠራ እንደ ፈለገ ለጋዜጠኞች ተናግሮ ነበር፤ በወርቅ ብቻ መቁጠር የለመደ ሕዝብ ያን ለመስማት ጆሮ አልነበረውም። በሌላው ጫፍ ያለውን ደግሞ ፓሪስ አሳየን። በ2024 የወንዶች 100 ሜትር የደረት ቀዘፋ ፍጻሜ ጣሊያናዊው ኒኮሎ ማርቲኔንጊ በ59.03 ወርቅ ወሰደ፤ ፒቲና አሜሪካዊው ኒክ ፊንክ እኩል በ59.05 ብር ተካፈሉ። 56.88 የዋኘ ሰው በ59.05 ሁለተኛ ሆነ፤ ከእሱ ክብረ ወሰን ከሁለት ሰከንድ በላይ የዘገየ ሰው ሻምፒዮን ሆነ። ወርቁ የዚያን ምሽት ነው። ሰዓቱ የሰውየው ነው።

ይህን ልዩነት በተቋም ደረጃ ያወቁት ጎልማሶች ናቸው። ማስተርስ የሚባለው ውድድር ከ25 ዓመት ጀምሮ ሰውን በየአምስት ዓመት ዕድሜ ይመድባል፤ የዓለም ሻምፒዮናው መጀመሪያ የተካሄደው በ1986 ቶኪዮ ላይ ነው። ሰው 45 ወይም 50 ዓመት ሲሞላው ደስ የሚለው እዚህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ አዲሱ መደብ ውስጥ ሕፃኑ እሱ ነውና። እዚያም ቢሆን ዳኛው አይራራም። የሰባ ዓመት አዛውንት መታጠፊያው ላይ አንዱን እጃቸውን ቀድመው ቢያሳርፉ እንደ ሃያ ዓመቱ ልጅ ይሰረዛሉ። ይህን ጭካኔ የሚሉ አሉ። እኔ ክብር ነው የምለው። ለአዛውንቱ ተብሎ ሕጉ ቢላላ ኖሮ የሚዋኙት የደረት ቀዘፋ መሆኑ ይቀርና ለጤና የሚደረግ ነገር ይሆን ነበር፤ ያኔ የአየር ጤናው ሰውዬም ትክክል ይሆናል።

ነገ የዓለሙ ፌዴሬሽን ሁለተኛ የዶልፊን ምት ቢፈቅድ የእኔም ሰዓት ሳይሻሻል አይቀርም። ማንም አይጠይቀኝም እንጂ ብጠየቅ እቃወማለሁ። የዶልፊን ምት ከወገብ የሚመጣ ነው፤ ሁለተኛው የሚጠቅመው በልጅነቱ ገንዳ የገባ ወገብ ላለው ነው፣ ያችን አንዲቷን ግን መቼ እንደሚመታት ያወቀ ሁሉ ያተርፍባታል። ሕጉ ከመጀመሪያው የደረት ምት በፊት ትሁን እንጂ የቱ ላይ ትሁን አይልም። አሰልጣኛችን እጅ መከፈት ሲጀምር ነው ባይ ነው። ወዳጄ እጅ ጭን ሊደርስ ሲል ይሻላል ይላል፤ እኔም ወደ እሱ አደላለሁ፣ አሰልጣኙ ግን ሁለታችንም በዚያ ሰዓት ጉልበታችንን እንደምናጥፍ በስልኩ ቀርጾ አሳይቶናል። ቅዳሜ በሁለቱም መንገድ እንዋኝና ቀዘፋውን እሱ ይቆጥርልናል።